ያላዳነውንም የጻፈ ሐኪም፦ አቡልቃሲም አዝ-ዘህራዊ

ረመዳን ሲገባ የፒያሳ አመሻሽ መልኩ ይለወጣል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ወደ ኑር መስጊድ፣ የሰፈሩ ሰው በኒ መስጊድ ወደሚለው፣ የሚያቀናው ሰው ይበዛል። ቴምር በፌስታል የያዘ ወጣት፣ ትኩስ ሳምቡሳ ያስጠቀለለ አባት፣ ሕፃን ያዘለች እናት ጎን ለጎን ይራመዳሉ። የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ከንፈር ሁሉ በዱዓ ይንቀሳቀሳል። የፆመኛ ዱዓ በማፍጠሪያው ሰዓት እንደማይመለስ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል።

ከእነዚያ እናቶች መካከል ለአንድ ነገር ብቻ የምትለምን ትኖራለች። ያዘለችው ልጅ ራሱ ከወር ወር እየተለቀ ነው። እርግብግቢቱ ተወጥሯል፤ ዓይኑ ወደ ታች ይደፋል፤ አንገቱ ራሱን መሸከም አቅቶታል። ጎረቤት እንዳያይባት በሻሽ ትሸፍነዋለች። አንዱ የሰው ዓይን ነው ይላታል፤ ሌላው ጂን ነው ይላታል፤ ሦስተኛው በእርግዝናሽ ጊዜ ያየሽው ነገር ነው ይላታል። ሐኪም ቤት እስክትሄድ ድረስ ወራት ያልፋሉ። በአራዳም ሆነ በወሎ፣ በጅማም ሆነ በሐረር ይህ ይደርሳል።

ሕመሙ ስም አለው። ሐኪሞች ሃይድሮሴፋለስ ይሉታል፤ በጭንቅላት ውስጥ ውኃ መከማቸት ማለት ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ይህን ሕመም በዓይኑ አይቶ፣ ውኃ መሆኑን ለይቶ፣ የት እንደሚጠራቀምና በምን እንደሚታወቅ ለተማሪዎቹ ጽፎ የተወ ሙስሊም ሐኪም ነበር። ከዚያም በላይ፣ ሊያድናቸው ስላልቻለው ሕፃናት ሳይደብቅ ጽፏል። የዛሬው የረመዳን ዓምዳችን የዚህን ሰው ሕይወት ይተርካል።

የዘህራ ልጅ

ሙሉ ስሙ አቡልቃሲም ኸለፍ ኢብን አል-ዐባስ አዝ-ዘህራዊ ነው። አውሮፓውያን ስሙን በራሳቸው አፍ አጣመው አልቡካሲስ ይሉታል። አዝ-ዘህራዊ የተባለው በተወለደባት ከተማ በመዲነቱ ዘህራእ ነው። በስሙ ላይ አል-አንሷሪ የሚል መጠሪያም አለው፤ ይህም የዘር ሐረጉ ከመዲና አንሷሮች እንደሚመዘዝ የሚያመለክት ነው። የመጀመሪያዎቹን ስደተኞች የእኛው ሐበሻ እንደተቀበለች ሁሉ፣ ነቢዩንና (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን በመዲና የተቀበሉት እነዚያ አንሷሮች ናቸው።

የአንዳሉሱ ኸሊፋ ሦስተኛው ዐብዱረህማን ዘህራእን መገንባት የጀመረው በ936 እ.ኤ.አ. ነው። ቦታዋ ከቁርጡባ፣ ዛሬ ኮርዶባ ከምትባለው የስፔን ከተማ፣ በስተ ምዕራብ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ግርጌ ነበር፤ ከፒያሳ እስከ ቦሌ አየር ማረፊያ የሚያህል መንገድ ማለት ነው። አቡልቃሲምም የተወለደው ከተማዋ በተቆረቆረችበት ጊዜ አካባቢ እንደሆነ ይገመታል። ሰውየውና ከተማዋ አብረው አደጉ፤ መጨረሻቸውም ተቀራራቢ ሆነ።

ያደገበት ዘመን ለዕውቀት የተመቸ ነበር። ከዐብዱረህማን በኋላ ኸሊፋ የሆነው ልጁ ሁለተኛው አል-ሐከም መጽሐፍ ወዳድ ነበር። በቁርጡባ ያቋቋመው ቤተ መጻሕፍት 400,000 መጻሕፍት እንደነበሩት ይተረካል። ከባግዳድ፣ ከደማስቆና ከካይሮ መጻሕፍት በነጋዴና በሐጃጅ እጅ ይመጡ ነበር። የግሪክ ሐኪሞች ሥራ በዐረብኛ ተተርጉሞ ለተማሪ ደርሷል። ወጣቱ አቡልቃሲም እነዚህን አነበበ፤ በተለይ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የኤጊናው ጳውሎስ የጻፈው የቀዶ ሕክምና ትምህርት በሥራው ላይ ጉልህ አሻራ አለው። አቡልቃሲም ግን ያነበበውን እንዳለ የሚገለብጥ ሰው አልነበረም። መጽሐፉ ያለውን በራሱ እጅና ዓይን ይፈትን ነበር።

ቢላዋ ከመያዝ በፊት

ስለ ግል ሕይወቱ የተጻፈው ጥቂት ነው። ከሞቱ ብዙ ሳይቆይ የአንዳሉስን ዑለማእ ታሪክ የሰበሰበው አል-ሑመይዲ የደግነት፣ የሃይማኖትና የዕውቀት ሰው እንደነበረ፣ ከዕውቀቶቹ ሁሉ ደግሞ በሕክምና እንደላቀ ከትቧል። ማንነቱን አጉልቶ የሚያሳየው ግን የራሱ ሥራ ነው። ለሃምሳ ዓመት ገደማ ሲያክም የተማረውን ሰብስቦ በ1000 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያጠናቀቀው መጽሐፍ፣ ባጭሩ አት-ተስሪፍ የሚባለው፣ 30 ክፍል አለው። ስለ በሽታዎች፣ ስለ መድኃኒት ቅመማ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ አዋላጅነት፣ ስለ ጥርስ ሳይቀር ጽፏል። የመጨረሻው፣ 30ኛው ክፍል፣ ስለ ቀዶ ሕክምና ነው። ዓለም ያወቀው በዚህ ነው።

ይህን ክፍል የሚከፍተው በሐዘን ነው። በአገሩ የቀዶ ሕክምና ጥበብ ሊጠፋ ጥቂት እንደቀረው፣ ምክንያቱም ሐኪሞቹ የሰውን አካል አሠራር ሳይማሩ ቢላዋ ማንሳታቸው እንደሆነ ያስረዳል። የአጥንቱን፣ የጅማቱን፣ የደም ሥሩን ቦታ የማያውቅ ሰው በሽተኛውን ከማዳን ይልቅ ይገድለዋል ባይ ነው። ምሳሌም ይሰጣል። አንድ አላዋቂ ሐኪም በአንዲት ሴት አንገት ላይ ያበጠ ነገር ሊያወጣ ሲቆርጥ የደም ሥር መትቶ፣ ሴትየዋ ደሟ ፈስሶ እፊቱ ሞተች። ሌላው ከአንድ ሽማግሌ ፊኛ ውስጥ ትልቅ ጠጠር ለማውጣት ደፈረ፤ ጠጠሩን ከፊኛው ቁራጭ ጋር አወጣው፤ ሽማግሌውም በሦስተኛው ቀን አረፈ። ይህን ሽማግሌ እንዲያክም ቀድሞ የተጠራው አቡልቃሲም ራሱ ነበር። የጠጠሩን ትልቅነትና የሰውየውን ሁኔታ አይቶ፣ ቢነካው እንደሚሞት ስለገባው እምቢ ብሎ ነበር።

ተማሪዎቹን እንደ ልጆቹ ይጠራቸዋል። ቀዶ ሕክምና በሁለት ይከፈላል ብሎ ያስተምራቸዋል፤ አንደኛው ደኅንነት ያለበት፣ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ አደጋ የሚከተለው። ከሁለተኛው እንዲርቁ፣ ገንዘብ አይቶ የማይድን በሽታ ላይ ከመድፈር እንዲጠነቀቁ፣ አላህን እንዲፈሩ ይመክራቸዋል። ዝናን ከመውደድ ይልቅ ጥንቃቄን እንዲያስቀድሙ አደራ ይላቸዋል።

ይህ ማለት ፈሪ ነበር ማለት አይደለም። አንዲት ባሪያ ልጃገረድ ቢላዋ አንስታ የራሷን ጉሮሮ ቆርጣ ወደ እሱ አመጧት። ከቁስሉ አየር ይወጣ ነበር። አቡልቃሲም ቀርቦ ሲመረምር ትልልቆቹ የደም ሥሮች አልተነኩም። ቁስሉን ሰፍቶ አከማት፤ ልጅቷም ከድምፅዋ መጎርነን በቀር ምንም ሳትሆን ዳነች። ከዚህ ተነስቶ የአየር ቧንቧን መክፈት የሚፈራውን ያህል አደገኛ እንዳልሆነ ለተማሪዎቹ አስረዳ። ትንፋሽ ለታፈነበት ሰው በር የሚከፍት ትምህርት ነበር።

በመጽሐፉ ወደ 200 የሚጠጉ የሕክምና መሣሪያዎች በሥዕል ቀርበዋል። ጥርስ መንቀያው፣ ማዋለጃው፣ መተኮሻው፣ መቀሱ፣ መርፌው እያንዳንዱ መልኩ ተስሎ፣ እንዴት እንደሚያዝ ተብራርቶ ተቀምጧል። ከመሣሪያዎቹ አንዱ በሽተኛው አይቶ እንዳይደነግጥ በጣቶች መካከል የሚደበቅ ትንሽ ስለት ነው። የሕመምተኛውን ፍርሃት የሚያስብ ሰው የሠራው እንደሆነ ያስታውቃል። የተቀደደ አንጀት ለመስፋት ከእንስሳ አንጀት የሚሠራ ክር መጠቀምንም ጽፏል።

በሕፃናት ራስ ውስጥ ያለው ውኃ

የቀዶ ሕክምናው ክፍል ሦስት ምዕራፎች አሉት። አንደኛው ስለ መተኮስ፣ ሁለተኛው በስለት ስለ መቅደድ፣ ሦስተኛው ስለ አጥንት ጥገና ነው። ስለት የሚነሳበት ሁለተኛው ምዕራፍ ከራስ ጀምሮ ወደ እግር ይወርዳል። የመጀመሪያው ርዕሱም በሕፃናት ራስ ውስጥ ስለሚጠራቀም ውኃ ነው። ቢላዋ ሲያነሳ መጀመሪያ የጠቀሰው የታመሙ ጨቅላዎችን ነው።

በእሱ አስተያየት ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አዋላጅ የጨቅላውን ራስ በኃይል ስትጨምቀው ነው። ከዚያ በተጨማሪ ሌላ የማይታወቅ ድብቅ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ጨምሯል። የዛሬ ሐኪሞች የመጀመሪያውን አይቀበሉትም፤ ሁለተኛውን ግን መርምረው ብዙውን አውቀዋል። ያም ሆኖ ምክሩ ከንቱ አልነበረም። የጨቅላ ራስ ቅርጽ ይያዝ ተብሎ አጥብቆ ማሸት እኛም አገር የተለመደ ነው፤ ለስላሳ የራስ ቅል ግን በኃይል የሚነካ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ውኃው የት እንዳለ ይለያል። አንዳንዱ በቆዳና በአጥንት መካከል ነው። ሌላው ከአጥንቱ ሥር ነው፤ ይህን የሚያውቀውም የራስ ቅሉ መገጣጠሚያዎች ተከፍተው ሲታዩና በእጅ ሲጫኑት ውኃው ወደ ውስጥ ሲሸሽ ነው። ውኃው በቆዳ ሥር ከሆነ አንድ ቦታ በትንሹ መቅደድ፣ ብዙ ከሆነ ሁለት ቦታ፣ ከአጥንቱ ሥር ከሆነም በራሱ መካከል ላይ ሦስት ቦታ ከፍቶ ማፍሰስ እንደሚቻል ጽፏል። ከዚያ ቁስሉ እንዴት እንደሚጠቀለልና እስከ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ልጁም ፈሳሽ የሌለበት ደረቅ ምግብ እንዲመገብ አስተምሯል።

ይህን ሁሉ ካስተማረ በኋላ ነው እውነተኛነቱ የሚታየው። ይህን ሕመም ያየው በሕፃናት ላይ ብቻ እንደሆነ፣ ካያቸውም መካከል ሞት ያልቀደመው እንደሌለ፣ ስለዚህ እሱ ራሱ መቅደዱን እንደተወ ይናገራል። አንድ ያየውን ልጅ ያስታውሳል። የልጁ ራስ በውኃ ተሞልቶ ነበር። በየቀኑ እየተለቀ ሄደ፤ ከትልቅነቱ የተነሳ ልጁ ተደግፎ መቀመጥ አቃተው፤ ውኃው እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ ሞተ።

በዘመኑ ከሱ የሚበልጥ የስለት ሐኪም አልነበረም። ስሙ እንዲገን የሚፈልግ ሰው ቢሆን ኖሮ ያቃተውን ትቶ ያከናወነውን ብቻ ይጽፍ ነበር። አቡልቃሲም ግን ልጁን ያየበትን ቀን ሁሉ እንደ አደራ ጠብቆ፣ የሕመሙን ጉዞ ከመጀመሪያው እስከ ሞቱ ዘግቦ፣ መድኃኒቱ በእጁ እንዳልነበረ ግልጽ አድርጎ አለፈ። ከእሱ በኋላ የሚመጣ ሰው ከየት መጀመር እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ መድኃኒቱን ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ማስተማራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። አቡልቃሲም ይህን ትምህርት የኖረው እንዲህ ነው፤ መድኃኒት የለም ብሎ አልደመደመም፤ እኔ ዘንድ የለም ብሎ አለፈ።

ከተማዋ ጠፋች፤ መጽሐፉ ተረፈ

የኸሊፋው መንግሥት በአቡልቃሲም እርጅና ዘመን ፈረሰ። ከ1009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንዳሉስ ፊትና ተነሳ፤ ወታደር ከወታደር ተጋጨ፤ ዘህራእ ተዘርፋ ተቃጠለች። ከተቆረቆረች ገና ሰማንያ ዓመት አልሞላትም ነበር። አቡልቃሲምም ያረፈው በ1013 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ቁርጡባም በተከበበችና በተጨነቀችበት ወቅት ነው። የተወለደባት ከተማ ፍርስራሿ ለዘመናት በአፈር ተቀብሮ ኖረ። ቁፋሮ የተጀመረው በ1911 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በ2018 እ.ኤ.አ. ነው።

መጽሐፉ ግን ተጓዘ። በፊትናው ጊዜ ወጣት የነበረው ታላቁ ዓሊም ኢብን ሐዝም ስለ አንዳሉስ መልካም ነገሮች ሲጽፍ አት-ተስሪፍን ከሕክምና መጻሕፍት ሁሉ ምሉዕ ብሎ ለመጥራት አላመነታም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የክሬሞናው ጄራርድ በቶሌዶ ከተማ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ወደ ላቲን ተረጎመው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው የቀዶ ሐኪም ጊ ደ ሾልያክ በመጽሐፉ አቡልቃሲምን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ጠቅሶታል። በ1497 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ታተመ። በምሥራቅም በ1465 እ.ኤ.አ. የአማስያው ሐኪም ሸረፈዲን ሳቡንጁኦግሉ በእሱ ላይ ተመሥርቶ በቱርክኛ የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ ጻፈ፤ ሐኪሙ በሽተኛውን እንዴት እንደሚይዝ የሚያሳዩ ባለ ቀለም ሥዕሎችንም ጨመረበት። እንዲህ እያለ የዘህራው ሰው ትምህርት በአውሮፓ ለአምስት መቶ ዓመት ያህል ተማረበት፤ በሕፃን ራስ ውስጥ ስለሚጠራቀመው ውኃ የጻፈውም ገጽ አብሮ ተጓዘ።

ያ ውኃ ምንድን ነው?

አቡልቃሲም ያላየውን ዛሬ እናውቃለን። በአንጎላችንና በጀርባ አጥንታችን ውስጥ ባለው ነርቭ ዙሪያ ውኃ የመሰለ ንጹሕ ፈሳሽ አለ። አንጎል በውስጡ ተንሳፎ ስለሚኖር ከግጭት ይጠበቃል። አዋቂ ሰው በማንኛውም ሰዓት 150 ሚሊ ሊትር ያህል ይኖረዋል፤ በቀን የሚመረተው ግን 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንጎል ውስጥ ካሉ ክፍተቶች ይመነጫል፣ ይዘዋወራል፣ ከዚያ ወደ ደም ይመለሳል። እንደ ምንጭና እንደ ቦይ ነው፤ ቦዩ ሲደፈን ውኃው ይጠራቀማል።

የሕፃን ራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ ራሱ ይለቃል። ምክንያቱ ከአፈጣጠር የመጣ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ አንጎል ውስጥ የተከሰተ መድማት ወይም የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የጀርባ አጥንት ሳይዘጋ ከሚቀርበት ስፓይና ባይፊዳ ከሚባለው ችግር ጋር አብሮ ይመጣል። ራሱ የተጋጠመ ትልቅ ልጅና አዋቂ ሰው ላይ ግን ራስ አይለቅም፤ ግፊቱ ወደ ውስጥ ይጫናል። በጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም አንዱ ሁለት ሆኖ መታየት ያስከትላል። ወጣት ሴቶች ላይ፣ በተለይ ክብደት ሲጨምር፣ ዕጢም ሆነ የቦይ መደፈን ሳይኖር ግፊቱ ብቻ ከፍ የሚልበት አለ፤ ቸል ከተባለ ዓይን ሊጋርድ ይችላል። ተቃራኒውም አለ፤ ፈሳሹ ሾልኮ ግፊቱ ሲወርድ ሰው ቆሞ ሲሄድ ራሱን ያመውና ሲተኛ ይተወዋል።

በአረጋውያን ላይ የሚታየውን ደግሞ ብዙ ቤተሰብ እርጅና ነው ብሎ ያልፈዋል። አያታችን ወደ ተራዊሕ ሲሄዱ እግራቸው ከመሬት የተጣበቀ ይመስል እየጎተቱ ይራመዳሉ። የሰገዱትን ረከዓ ቁጥር ይረሳሉ። ሽንታቸው ያመልጣቸዋል። እነዚህ ሦስቱ አብረው ሲመጡ በአንጎል ውስጥ ከተጠራቀመ ፈሳሽ የመጡ ሊሆኑ ስለሚችሉ ሐኪም ማየት አለበት። ታክመው እርምጃቸው የተመለሰላቸው ብዙ ናቸው።

ከቸርችል ጎዳና በታች

ከአቡልቃሲም በኋላ ውኃውን ለማውጣት የተሞከረው ሁሉ ለዘመናት ብዙ አልያዘም። ቆዳ ቀዶ ማፍሰስ ብቻውን አይበቃም፤ ውኃው ተመልሶ ይመጣል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። እሱ መቅደዱን መተዉ ትክክል እንደነበር ጊዜ መሰከረለት። መላው የተገኘው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በአሜሪካ ፊላደልፊያ በቁልፍ ፋብሪካ የሚሠራ ጆን ሆልተር የሚባል ባለሙያ ልጁ ከዚህ ሕመም ጋር ተወለደበት። አባትየው ውኃውን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ከቀዶ ሐኪሙ ዩጂን ስፒትስ ጋር ሆኖ ሠራ። የራሱ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በላይ አልኖረም፤ ያበጀው ነገር ግን ከዚያ በኋላ የብዙ ሰው ልጆችን አዳነ። ዛሬ ሻንት የሚባለው ቀጭን ቱቦ በቆዳ ሥር ተቀብሮ ውኃውን ከአንጎል ወደ ሆድ ይወስደዋል፤ ሆድም ወደ ደም ይመልሰዋል። ለአንዳንድ ሕፃናት ደግሞ ቱቦ ሳይገባ በትንሽ ካሜራ እየታየ በአንጎሉ ውስጥ አዲስ መውጫ ይከፈትላቸዋል።

ይህ ሕክምና ሩቅ አገር ያለ አይደለም። ከፒያሳ ማዘጋጃ ቤት ቁልቁል የሚወርደው ቸርችል ጎዳና ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያደርሳል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1998 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ከጥቁር አንበሳ ሌላ በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም የእነዚህ ሕፃናት ሕክምና ይሰጣል። አቡልቃሲም ዳግም ተነስቶ ቢያይ፣ እሱ እጁን የሰበሰበበት ሕመም ከቤት ወጥቶ በታክሲ ከሚደረስበት ቦታ እንደሚታከም ይገነዘብ ነበር።

ግን ጊዜ ይወስናል። ግፊቱ በቆየ ቁጥር አንጎልን ይጎዳል፤ ዓይን ይጠፋል፤ ልጁ መቀመጥና መናገር ይዘገይበታል። ቶሎ የታከመ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ሊማርና ቁርኣን ሊቀራ ይችላል። ዘግይቶ የመጣው ቢድንም የተጎዳው አይመለስለትም። በሽታው ሳይሆን ሻሹ ነው ጊዜውን የሚበላው።

የቤተሰቡ ድርሻ

ሕፃን ልጅ ራሱ በፍጥነት ሲያድግ፣ እርግብግቢቱ ሲወጠር፣ ዓይኑ እንደምትጠልቅ ፀሐይ ወደ ታች ሲደፋ፣ አለማቋረጥ ሲያለቅስ ወይም ሲያስታውክ፣ መጥባት ሲያቅተው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ አይዘገይም። ጤና ጣቢያው በሜትር ይለካዋል፤ ለሚያስፈልገው ወደ ሆስፒታል ይልከዋል። ሻንት የገባለት ልጅ ሲተኩስ፣ ሲያስታውክ፣ እንቅልፍ ሲያበዛ ወይም ራሱን ሲያመው ቱቦው ተደፍኖ ወይም መርቅዞ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም።

መከላከያም አለ። የጀርባ አጥንት የሚዘጋው ከፅንስ ጀምሮ ባሉት 28 ቀናት ገደማ ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት እርጉዝ መሆኗን ከማወቋ በፊት ማለት ነው። ስለዚህ ልጅ የምታስብ ሴት ከማርገዟ በፊት ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ ይመከራል። አገራችንም በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አውጥታለች። ለሳምቡሳውና ለዳቦው የምንገዛው ዱቄት ማሸጊያ ላይ ይህን ፈልጎ ማየት ለእናት ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም፤ አባትም፣ ባለ ሱቅም ይመለከተዋል።

ስለ ፆሙም አንድ ነገር እንጨምር። አላህ ለታመመና ለመንገደኛ ፈቃድ ሰጥቷል። ሻንት ያለው አዋቂ፣ ለጭንቅላት ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ፆሙን ከሐኪምና ከዓሊም ተማክሮ ይወስን። በፆም ወቅት ቡናና ውኃ ሲቀር ቀላል ራስ ምታት የተለመደ ነው፤ ሲበረታና ማስታወክ ወይም የእይታ ችግር ሲያስከትል ግን ፆም ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ዱዓም መድኃኒትም የሚጣሉ አይደሉም። ግመሉን ሳያስር በአላህ እመካለሁ ያለውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስረህ ተመካ ማለታቸውን እናስታውስ። ሩቅያ የሚያነብ ዓሊም ካለ ያንብብ፤ ልጁን ግን በዚያው ጠዋት ወደ ሐኪም ይላክ። ከገጠር ልጅ ይዞ መጥቶ በሆስፒታል አካባቢ የሚንከራተት አባት ብዙ ነው። የመኝታውን፣ የታክሲውን፣ የምርመራውን ወጪ መሸፈን ከረመዳን ሰደቃዎች አንዱ ቢሆን ምን ያህል ልጅ ሊድን እንደሚችል አስቡት።

መግሪብ አዛን ሲል ያቺ ፒያሳ ላይ ያየናት እናት በቴምርና በውኃ ታፈጥራለች። ዱዓዋን አድርጋለች። ነገ ጠዋት ሻሹን ከልጇ ራስ አንስታ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ብትወርድ፣ የዘህራው ሐኪም በሐዘን የጻፈውን ገጽ የሚያዞርላት ሰው ታገኛለች። ያንን ቁልቁለት ብቻዋን እንዳትወርደው ከጎኗ የምንሆነው ጎረቤቶቿ ነን።

አላህ ለአቡልቃሲም አዝ-ዘህራዊ ይዘንለት፤ ለታመሙ ልጆቻችንና ወላጆቻችን ሺፋ ይስጥልን። ረመዳን ከሪም።